ስልክ ማስረጃ በሆነበት ዘመን፦ ለወሎ ጠበቆች ዝርዝር መመሪያ

ደሴ፣ ወልድያ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ቢሮ ከፍቶ የሚሠራ ጠበቃ ዛሬ የሚይዘው ክርክር ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ይለያል። ብድሩ የተላከው በቴሌብር ነው። የኪራይ ስምምነቱ ያለቀው በቴሌግራም ነው። ባልና ሚስት የሚካሰሱበት ቤት የተሠራው ከጅዳ በመጣ ብር ነው፤ ስለ ብሩ የተነጋገሩትም በኢሞ ነው። በመሬት ክርክር ላይ ኮኦርዲኔት (የቦታው መለያ ቁጥር) ያለው ካርታ ይቀርባል። ቢሮው ግን ያው ነው፦ የብረት ካቢኔት፣ የቀጠሮ ደብተር፣ አንድ ኮምፒዩተርና ማዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት።

«ቴክኖሎጂ የጠበቃን እንጀራ አይነካም» ሲባል እሰማለሁ። ግማሹ ልክ ነው። የተለመደ ማመልከቻ መጻፍ፣ ያንኑ የኪራይ ውል ስም ቀይሮ ማተም፣ የአዋጅ ቁጥር ፈልጎ መንገር ዋጋው ወርዷል፣ ገናም ይወርዳል። ዋጋው የሚጨምረው ከደንበኛ ስልክ ውስጥ ያለውን ነገር ችሎት ፊት የሚቆም ማስረጃ አድርጎ ማውጣት ነው። ይህ መመሪያ ዞሮ ዞሮ ወደዚያ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ቢሮውን እናስተካክላለን፣ ከዚያ ማስረጃው፣ ከዚያ ኤ.አይ. (ሰው ሠራሽ አስተውሎት)፣ በመጨረሻ አዲስ የሥራ መስክ። ቅደም ተከተሉን ባትገለብጡት ይሻላል። ብዙ ሰው ከኤ.አይ. ይጀምርና እዚያው ይቀራል።

አንድ የእኛ አገር ቅድመ ሁኔታም አለ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። መብራቱም የራሱ ጸባይ አለው። ስለዚህ ማንኛውንም መተግበሪያ ቢሮ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ኔትዎርክ ለአንድ ሳምንት ቢጠፋ ነገ ጠዋት ችሎት መቆም እችላለሁ? መልሱ «አልችልም» ከሆነ ያንን ነገር በረዳትነት እንጂ በዋናነት አትያዙት።

1. ሥራችሁን ለሁለት ክፈሉት

ያለፉትን ጥቂት ወራት መዝገቦች አውጡና ከእያንዳንዱ ያገኛችሁትን ገንዘብ ተመልከቱ። ምን ሠርታችሁ ነው የተከፈላችሁ? በአንድ ወገን መጻፍ፣ መቅዳት፣ መዝገብ ቤት መመላለስና ቀጠሮ መጠየቅን አስፍሩ። በሌላው ወገን ምክር፣ ድርድር፣ የምስክር ጥያቄ፣ የችሎት ክርክርና ዕርቅን አስፍሩ። የመጀመሪያው ወገን ከበዛ ገቢያችሁ አደጋ ላይ ነው። ያንን ሥራ ጣሉት እያልኩ አይደለም። ቶሎ የሚያልቅበትን መንገድ ፈልጉለትና የተረፈውን ሰዓት ለሁለተኛው አውሉት።

2. ካቢኔቱን ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ

በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻን ጨምሮ በወሎ ከተሞች ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተዘርፏል፣ ሰነድም ወድሟል። ጠበቃው ዘንድ የቀረች የፍርድ ግልባጭ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ያኔ ያየ ሰው ስካን ማድረግ ለምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ውድ ስካነር አትግዙ። ካምስካነርን የመሰለ መተግበሪያ ወይም ጉግል ድራይቭ ውስጥ ያለው ስካን ማድረጊያ ለአብዛኛው ይበቃል። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉት። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ተጠንቀቁ። ማኅተሙና ቴምብሩ በግልጽ መታየታቸውን አረጋግጡ፤ ክርክር የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ካለ እሱንም አንሱት።

በአሮጌው ፋይል አትጀምሩ፣ ያሰለቻችሁና ትተዉታላችሁ። ዛሬ ቀጠሮ ያለው መዝገብ ላይ ጀምሩ። ለእያንዳንዱ መዝገብ አንድ ፎልደር፣ ለእያንዳንዱ ሰነድ አንድ ፋይል ይኑር። ስሙን ከዓመተ ምሕረቱ ጀምሩት፦ «2018-03-12 መከላከያ መልስ»፣ «2018-04-02 ብይን»። እንዲህ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። «አዲስ ዶክመንት 7» የሚባል ፋይል ግን በችሎት ጠዋት ያሳብዳል።

ቅጂው ሦስት ቦታ ይኑር፦ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ቤት በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ እና ኢንተርኔት ሲኖር ክላውድ ላይ። ሃርድ ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ምንም ጥቅም የለውም፤ ሌባው ሁለቱንም ይወስዳል። ኮምፒዩተሩም ዲስኩም የይለፍ ቃል ይኑራቸው። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። የደንበኛ ሰነድ በፍላሽ ተጭኖ ከኢንተርኔት ቤት ኢንተርኔት ቤት መዞሩ መቆም ያለበት ነገር ነው።

3. ከፓወር ግዕዝ ውጡ

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ እሱ ነው።

በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ አሮጌ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ስለዚህ «ይግባኝ» ብላችሁ ብትፈልጉ ኮምፒዩተሩ አያገኘውም። ስልክ ላይም አይነበብም፣ ኤ.አይ.ም አይገባውም። ከአሁን በኋላ የምትጽፉትን ሁሉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የራሱን ቦታ በሰጠው አሠራር፣ ጻፉ። ኮምፒዩተር ላይ ኪይማን፣ ስልክ ላይ ጂቦርድ የሚባሉት መጻፊያዎች በነፃ ይገኛሉ። ጸሐፊያችሁ የለመደችውን አልተውም ብትል ጥቂት ሳምንት ታገሷት።

ጂቦርድ በአማርኛ ሲናገሩለት ይጽፋል። ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ የሕግ ቃላትም አንዳንዴ ያበላሻል። ሆኖም ከችሎት እንደወጣችሁ ምስክሩ ያለውን መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ለመመዝገብ ይህን የሚያህል የለም። ለታተመ ወረቀት ደግሞ ሌላ መላ አለ። ጥርት ያለ ስካን ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኑትና በጉግል ዶክስ ክፈቱት፤ ምስሉን ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል። በእጅ የተጻፈ ውሳኔ ላይ ግን አትድከሙ።

4. ቀጠሮና የይርጋ ቀን

ስልካችሁ ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ የፈረንጅ ነው። የሕጉ ቀን የሚቆጠረው በእኛ ነው። እዚህ መሃል ብዙ መዝገብ ጠፍቷል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ማቅረቢያው 60 ቀን ነው። ፍርዱ የተሰጠው ነሐሴ 10 ነው እንበል። በጥድፊያ «ሁለት ወር ነው፣ እስከ ጥቅምት 10 ጊዜ አለኝ» የሚል አለ። ቁጠሩት። ነሐሴ ላይ 20 ቀን ይቀራል። ጳጉሜ 5 ስትሆን 25 ሞላ። መስከረም ሲያልቅ 55። ስድሳኛው ቀን ጥቅምት 5 ነው። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2019፣ ጥቅምት 4 ይሆናል። ቆጠራው ከመቼ እንደሚነሳና በዓል ሲገጥም ምን እንደሚደረግ ሕጉን አይታችሁ ወስኑ። ቀኑን ግን በእጅ ቁጠሩት እንጂ በወር አታስቡት።

ከዚያ ስልኩ ላይ ሦስት ማስታወሻ ሙሉ፦ ከመጨረሻው ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እና በዋዜማው። ሰዓቱንም ልብ በሉ። ጠዋት 3 ሰዓት የተባለ ቀጠሮ ስልኩ ላይ 9 ሰዓት ሆኖ ነው የሚመዘገበው። የቀጠሮ ደብተሩን አትጣሉት። ባትሪ አያልቅበትም።

5. የሰበር ውሳኔዎችን በእጃችሁ አስገቡ

በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመው ከ20 በላይ ደርሰዋል፤ በፒዲኤፍም ይገኛሉ። ኢንተርኔት ጥሩ በሆነበት ቀን ሁሉንም አውርዳችሁ ኮምፒዩተራችሁ ላይ አስቀምጡ። የፌዴራልና የክልሉን አዋጆችም እንዲሁ። መስመር ሲጠፋ ቤተ መጻሕፍታችሁ እሱ ነው።

ስትፈልጉ ሁለት ነገር አስታውሱ። አንደኛ፣ ቅጹ የፎቶ ስካን ከሆነ ወይም በአሮጌ ፎንት ከተጻፈ ፍለጋው ባዶ ይመልሳል። ያ ማለት ውሳኔው የለም ማለት አይደለም፤ ማውጫውን በዓይን እዩ። ሁለተኛ፣ በሁሉም አጻጻፍ ሞክሩ። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ሥልጣን» እና «ስልጣን»፣ «ፀና» እና «ጸና» ለኮምፒዩተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። የጠቀማችሁን ውሳኔ ደግሞ በራሳችሁ ቃል ሁለት መስመር አድርጋችሁ፣ ከመዝገብ ቁጥሩና ከቅጹ ጋር አንድ ሰንጠረዥ ላይ መዝግቡ። ዓመት ሲሞላው ያ ሰንጠረዥ ከማንኛውም መተግበሪያ ይበልጣል።

6. ስልኩን ማስረጃ ማድረግ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

እንበል አንድ አባት ከኩታበር መጡ። ለዘመዳቸው 80,000 ብር በቴሌብር አበድረዋል። ሰውየው «ስጦታ ነው» ብሎ ካደ።

«ልጄ፣ መልእክቱ ይኸው ስልኬ ላይ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

«አባባ፣ መልእክቱ ብሩ መሄዱን ይናገራል። ብድር መሆኑን ግን አይናገርም።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ችሎት ላይ በሚደረግ እምነት (ተከሳሹ ራሱ ሲያምን) ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው። የዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ እናውቃለን፤ ስለዚህ በተግባር ሁሉም ብድር እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ታዲያ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ከብሩ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ ፈልጉ። ሰውየው «በሚቀጥለው ወር እመልስልሃለሁ» ብሎ በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም ጽፏል? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። መከራከሪያችሁ ከዚህ ይነሳል። ተቃራኒው ወገን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1727 ይዞ ይመጣል፦ «ፊርማው የታለ? ሁለቱ ምስክሮችስ?» ይላል። ለዚህ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ንም አንብቡ። ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ስም በዚያ አዋጅ መለኪያ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ማወቅ አለባችሁ።

ቀጥሎ ሕጉ የተወውን በር አትርሱ፦ እምነትና መሐላ። ተከሳሹ ብሩን መቀበሉን ይክዳል ወይስ ምክንያቱን ብቻ? ይህ በክስ መስማት ላይ ጥርት ብሎ እንዲመዘገብ አድርጉ። በመጨረሻም በአማራጭ ያለ አግባብ መበልፀግን፣ ቁጥር 2162ንና ተከታዮቹን፣ ማንሳት ያዋጣ እንደሆነ መዝኑ። ሁልጊዜ አይሠራም። ግን ክሱን ብድር በሚለው አንድ እግር ብቻ ማቆም አደገኛ ነው።

ማስረጃውን የማስቀመጥ ሥራ እንዲህ ይሁን፦

ሀ. ስልኩ አይነካ። ደንበኛውን «መልእክቱን እንዳያጠፉት፣ ስልኩን እንዳይሸጡት፣ ሪሴት እንዳያደርጉት» በሉ። ለልጅ ጨዋታ እንዳይሰጥም ጭምር። ስልኩ ራሱ ዋናው ማስረጃ ነው፤ ሕትመቱ ግልባጭ ነው።

ለ. ቶሎ ቅጂ ውሰዱ። ቴሌግራም ላይ ላኪው የላከውን መልእክት ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ደንበኛው ቢሮ እንደተቀመጠ ስክሪንሾት አንሱ። ቀኑ፣ ሰዓቱና የላኪው ስልክ ቁጥር መታየት አለባቸው። «የኔ ውድ» ተብሎ የተቀመጠ ስም ችሎት ላይ ማንን እንደሆነ አይናገርም። ስሙን ከፍታችሁ ቁጥሩን አሳዩና ያንንም አንሱት። ከዚያ ከላይ እስከ ታች እያንሸራተታችሁ ስክሪኑን በቪዲዮ ቅረጹ። ኮምፒዩተር ላይ ያለው ቴሌግራም ሙሉ ንግግሩን በፋይል ያወጣል፤ እሱንም አስቀምጡ። ከፊል መልእክት ብቻ ማቅረብ ለተቃራኒ ወገን «ቀሪውስ?» የሚል ዱላ ማቀበል ነው።

ሐ. ፎቶን በፎቶነት አትላኩ። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፤ የተነሳበትን ቀንና ቦታ የያዘውንም መረጃ ይጥለዋል። በፋይል መልክ ይላክ፣ ወይም በኬብል ይገልበጥ።

መ. የሦስተኛ ወገን ሰነድ ጠይቁ። የቴሌብር መልእክት የግብይት ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር ክሱ ላይ ጻፉት። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 መሠረት በምታያይዙት የማስረጃ ዝርዝር ላይ የባንኩን ወይም የኢትዮ ቴሌኮምን መረጃ ጠቅሳችሁ ፍርድ ቤቱ በትእዛዝ እንዲያስቀርብላችሁ አመልክቱ። ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣም በዚሁ መንገድ ይጠየቅ። በልጅ ስም የወጣ ሲም አባት ሲጠቀምበት ማየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህን ሳያጣሩ ክስ መክፈት ያስወቅሳል።

ሠ. በማን እጅ እንዳለፈ መዝግቡ። ማን አነሳው፣ መቼ፣ በምን ስልክ፣ የት ተቀመጠ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። የወንጀል ጉዳይ ከሆነ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለ ማስረጃ የሚለውን አብራችሁ እዩ። የሰው ስልክ ያለ ፈቃድ ከፍቶ «ማስረጃ አመጣሁ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ራሱ ወንጀል እንዳልሠራ አጣሩ። ባልና ሚስት ዘንድ ይህ በጣም የተለመደ ነው።

ከክርክር በፊት የሚሰጥ ምክርም ሥራ ነው። ነጋዴ ደንበኞቻችሁን እንዲህ በሏቸው፦ ብር ከመላካችሁ በፊት «ይህ 80,000 ብር ብድር ነው፣ በዚህ ቀን ትመልሳለህ፣ ተስማምተሃል?» ብላችሁ ጻፉና መልሱን ጠብቁ። ከሁሉ የሚሻለው ያው አንድ ገጽ ውል ከሁለት ምስክር ጋር ነው። ለዚህ የአምስት ደቂቃ ምክር መጠነኛ ክፍያ ማስከፈል ነውር የለውም።

የመሬት ማስረጃ

በወሎ የመሬት ክርክር የማይነካው ጠበቃ የለም፤ ስለዚህ ለብቻው ላንሳው። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009ን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ካርታውን ማንበብ ነው። የመጀመሪያ ደረጃው የይዞታ ደብተር አዋሳኝን በሰው ስም ነው የሚናገረው፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ። የሁለተኛ ደረጃው ካርታ አለው። ካርታ ካለ ኮኦርዲኔት አለ፣ ኮኦርዲኔት ካለ ደግሞ ልኬቱን መሞገት ይቻላል።

አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። የስልክ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 የሚባለውን መነሻ ነው። አገራችን ውስጥ የተሠሩ ካርታዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲንዳን የሚባለውን ይጠቀማሉ። ሁለቱን ሳያቀናጅ የሚያነጻጽር ሰው አንድን ድንበር 200 ሜትር ገደማ ተንሸራቶ ያገኘዋል። ደንበኛው በስልኩ ለክቶ «መሬቴን ወስደውብኛል» ቢላችሁ ከመክሰሳችሁ በፊት ካርታው በየትኛው እንደተሠራ ጠይቁ። የተቃራኒ ወገን ባለሙያ ምስክር ሲቀርብም መስቀለኛ ጥያቄያችሁ ይህ ሊሆን ይችላል። አንድ የመሬት ቀያሽ ወዳጅ ያዙ። ቡና እየጠጣችሁ በአንድ ከሰዓት የሚያስረዳችሁን መጽሐፍ በወር አያስረዳም።

7. ኤ.አይ.ን እንደ አዲስ ጸሐፊ ያዙት

ፈጣን ነው፣ አይደክመውም፣ ሳያውቅም አፉን ሞልቶ ይናገራል። በ2015 ኒውዮርክ ውስጥ ሮቤርቶ ማታ የተባለ ሰው በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ ባቀረበው ክስ ጠበቆቹ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጭራሽ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው አቀረቡ። ጠበቆቹና ድርጅታቸው 5,000 ዶላር ተቀጡ። የእንግሊዝኛው እንዲህ ከሆነ የእኛ ሰበር ምን እንደሚደርስበት ገምቱ። «የሰበር መዝገብ ቁጥር ስጠኝ» ብትሉት ቁጥር ይሰጣችኋል። ቁጥሩን ቅጹ ውስጥ ፈልጋችሁ፣ ከፍታችሁ፣ ከላይ እስከ ታች ሳታነቡ አትጥቀሱ። ከዚህ ሕግ የሚወጣ ነገር የለም።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ጽሑፉን እናንተ ሰጥታችሁት ለሚሠራው ሥራ። ለምሳሌ የምስክሮች ቃል በጽሑፍ ካላችሁ እንዲህ በሉት፦

«ከዚህ በታች የሦስት ምስክሮች ቃል አለ። በቀን፣ በቦታና በብር መጠን የማይገጥሙበትን ብቻ በሰንጠረዥ አሳየኝ። ከጽሑፉ ውጭ ምንም አትጨምር። ያልተባለውን አልተባለም በል።»

ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን በደቂቃ ያወጣዋል። ከዚያ እናንተ ከዋናው ጋር ታመሳክራላችሁ። ረጅም የእንግሊዝኛ ውል ማሳጠር፣ ለመስቀለኛ ጥያቄ ሐሳብ ማመንጨት፣ የራሳችሁን አቤቱታ «የተከሳሹ ጠበቃ ብትሆን ምን ትመልስ ነበር?» ብሎ ማስፈተሽ፣ እነዚህ ሁሉ ያዋጣሉ። የመጨረሻው በተለይ ለብቻው ቢሮ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አማርኛው ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ፍርድ፣ ብይንና ትእዛዝን ያደባልቃል። የሌላ አገር ሕግ ሳታውቁት ያስገባል። በዚያ ላይ ያንዛዛል። ሦስት ገጽ የነበረው አቤቱታ አሥር ገጽ ሆኖ ሲመጣ ዳኛው የማን እጅ እንዳለበት አይጠፋቸውም።

የደንበኛ ምስጢርን በተመለከተ ስም፣ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥርና የቀበሌ አድራሻ አውጥታችሁ «ሀ» እና «ለ» በሏቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መረጃ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍበት ሁኔታም ይደነግጋል። የምትጠቀሙበት ኤ.አይ. ሰርቨር ደሴ አይደለም ያለው። አስገድዶ መድፈርን ወይም ሕፃናትን የሚመለከት መዝገብ ከሆነ ስም ቢወጣም ባታስገቡት እመክራለሁ።

8. ሩቅ ያለውን ደንበኛ አገልግሉ

ከወሎ ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሄደው ሰው ብዛት የታወቀ ነው። እነሱ ቤት ይገዛሉ፣ ይወርሳሉ፣ ይፋታሉ፣ ይጭበረበራሉ። ጠበቃ ግን የሚያገኙት በወንድም ወይም በአጎት በኩል ነው። አንዳንዴ የሚያጭበረብራቸውም እሱ ራሱ ነው።

አሠራር ዘርጉላቸው። የመጀመሪያ ንግግር በቪዲዮ ይሁን፤ ኢሞ ከለመዱ በኢሞ። ማንነታቸውን በፓስፖርት አረጋግጡ። ውክልናው ሪያድ ባለው ኤምባሲ ወይም ጅዳ ባለው ቆንስላ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ነው የሚመጣው። ረቂቁን እናንተ ጻፉላቸው። በጠቅላላ ውክልና ቤት አይሸጥም፣ ዕርቅም አይፈጸምም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ይህን ሳያውቁ አንድ ጊዜ ሠርተው ድጋሚ ቆንስላ የሚሰለፉ ብዙ ናቸው።

ከዚያ ከየቀጠሮው በኋላ አንድ ደቂቃ የማትሞላ የድምፅ መልእክት ላኩ፦ ዛሬ ምን ሆነ፣ ቀጣዩ መቼ ነው፣ ምን ይፈለጋል። ደንበኛን ከጠበቃ የሚያጣላው አብዛኛውን ጊዜ መሸነፍ አይደለም፣ ዝምታ ነው። ክፍያውን በባንክ ተቀበሉ፣ ደረሰኝ ስጡ።

9. አንድ አዲስ መስክ ምረጡ

አምስት አይደለም፣ አንድ። ኮምቦልቻ አጠገብ ላላችሁ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከ2009 ጀምሮ አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የውልና የጉምሩክ ጉዳይ ይበዛበታል። ከተማ ውስጥ ላላችሁ የግል ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና የቁጠባ ማኅበር ሁሉ የሰው መረጃ ይይዛል። ከላይ ያነሳሁትን የዳታ አዋጅ አንብቦ «ይህን አስተካክሉ» የሚላቸው ሰው የላቸውም። የመስመር ላይ ማጭበርበር ሌላው ነው።

ለወሎ ጠበቃ ግን እኔ በግሌ የምመርጠው ዕርቅን ነው። አገሩ የአበጋር (የባህል አስታራቂ) እና የሽማግሌ አገር ነው፤ ሰው ፍርድ ቤት እየተመላለሰም ቢሆን ዞሮ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል። የጎደለው ዕርቁን እንዲጸና አድርጎ የሚጽፍ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉን ከቁጥር 274 ጀምሮ፣ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013ንም አንብቡ። ከሽማግሌዎቹ ጎን ቁጭ በሉ፤ በእነሱ አታዙ። ስምምነቱን እዚያው ላፕቶፕ ላይ ጻፉት፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ባለጉዳዮቹን አስፈርሙ። ጅዳ ያለው ወንድም በቪዲዮ ገብቶ ይስማ፤ የሚፈርምለት ወኪል ግን ልዩ ውክልና መያዙን አስቀድማችሁ እዩ።

ብቻችሁን የማትችሉትን ተጋሩ። የፌዴራል ፈቃድ ላላቸው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ፈቅዷል። የክልል ፈቃድ ብቻ ያላችሁ ደግሞ ከክልሉ ፍትሕ ቢሮ የሚፈቀደውን ጠይቁ። ድርጅት ባይሆን እንኳ ሦስት ጠበቆች አንድ ስካነር፣ አንድ ጥሩ ጸሐፊና አንድ የሰበር ሰንጠረዥ ሊጋሩ ይችላሉ፤ የደንበኛ ፋይልና የይለፍ ቃል ግን አይጋሩም። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ የሕግ ምሩቃን ኮምፒዩተሩን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። እነሱ ቴክኖሎጂውን ያሳዩን፣ እኛ ችሎቱን እናሳያቸው፤ ከደመወዝ ጋር ነው ታዲያ።

የቴሌግራም ቻናል ወይም የቲክቶክ ገጽ ልትከፍቱ ካሰባችሁ ሕግ ማስተማርና ራስን ማስተዋወቅ አንድ አይደሉም። የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በማስታወቂያ ላይ ገደብ አለው። ፈቃድ የሰጣችሁን አካል አስቀድማችሁ ጠይቁ። የያዛችሁትን መዝገብ ግን፣ ስም ባትጠሩም፣ ቻናል ላይ አታውጡ። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት። ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆነ ያውቃል።